ያረጀ የጓሮ አትክልት መደብ ለማደስ የሚሸጡ ዕቃዎች፦ ተከራይ የቱን ይግዛ፣ የቱን ይተው?

በተከራያችሁት ቤት ጓሮ ከእናንተ በፊት የኖረ ሰው ሠርቶት የሄደ፣ በሳንቃ የታጠረ ከፍ ያለ መደብ ካለ መልኩ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ሳንቃው መሃሉ ላይ ሆዱን ነፍቷል። አፈሩ ከጠርዙ ግማሽ ስንዝር ወርዷል። ላዩን ሰርዶ አልብሶታል፤ ጥጉ ላይ ያምናው የቲማቲም ግንድ ከነድጋፉ ደርቆ ቆሟል። የአትክልት ዕቃ ሱቅ ሲገባ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጉድለት አንድ አንድ ዕቃ ተደርድሮ ይጠብቃል፦ «ለመደብ የተዘጋጀ» አፈር በከረጢት፣ የተጨመቀ የኮኮናት ቃጫ፣ የአፈር መመርመሪያ፣ የአረም ጨርቅ፣ የጥግ ብረት፣ የጠብታ መስኖ በካርቶን።

ፍርዱ ከወዲሁ ይነገር። ገንዘባችሁን በጥሩ ኮምፖስትና በጠብታ መስኖ ላይ አውሉት። ከቀሩት ጥቂቶቹ በቦታቸው ይረባሉ፤ አብዛኞቹ ግን መደቡ ያልታመመውን በሽታ የሚያክሙ ናቸው።

ተከራይነት ሚዛኑን ይለውጠዋል። ባለቤት ለአሥር ዓመት ያስባል፤ ተከራይ የሚያስበው ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለትና ለሦስት ምርት ነው። አፈር ተጭኖ አይሄድም፤ ቱቦ ግን ተጠቅልሎ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ የተገመገመው ዕቃ ሁሉ በሁለት ነገር ተመዝኗል፦ በዚሁ ወቅት ውጤቱ ይታያል ወይ? ስትለቁስ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ ወይ?

ለስሌት እንዲመች ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ መደብ እንያዝ። የላዩ ስፋት 2.88 ካሬ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 864 ሊትር አፈር ይይዛል። የእናንተ መደብ ከዚህ ቢለይ በሜትር የለካችሁትን ርዝመት፣ ስፋትና የጎደለውን ቁመት አባዝታችሁ በ1,000 ስታባዙት ሊትሩ ይወጣል። ከረጢት የሚሸጠው በሊትር ስለሆነ ይህን ሳይሠሩ ሱቅ መሄድ ወይ ሁለት ጊዜ ያስመልሳል፣ ወይ አምስት ከረጢት ትርፍ ያሸክማል።

«ለመደብ የተዘጋጀ» የከረጢት አፈር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ይህን ነው፤ ለአሮጌ መደብ ደግሞ ትንሹን ጥቅም የሚሰጠው ይኸው ነው። ከረጢቱ ተቀድዶ በእጅ ሲበጠር አብዛኛው የደቀቀ የዛፍ ቅርፊት፣ ፒት (ከረግረግ መሬት የሚወጣ በከፊል የበሰበሰ ዕፅ) ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ ጥቂት ኮምፖስትና ትንሽ ማዳበሪያ ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ አፈር፣ ማለትም አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ፣ ወይ የለውም ወይ በጣም ጥቂት ነው። ባዶ ሳጥን ለመሙላት ቀላልና ንጹሕ ስለሆነ አይጠላም። ችግሩ ቅርፊትና ፒት የሚበሰብሱ ነገሮች መሆናቸው ነው። የአሮጌው መደብ አፈር የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት የሞላው የሚበሰብሰው ነገር በስብሶ አለቀ። በላዩ ያንኑ መድገም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጉድለት መግዛት ነው።

ሌላው ጣጣ ናይትሮጅን ነው። ያልበሰለ ቅርፊት ከአፈር ጋር ሲደባለቅ እንጨቱን የሚያፈርሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱታል። ተክሉ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ይገረጣል፤ በከረጢቱ ውስጥ የተጨመረው ማዳበሪያ ሲያልቅ ደግሞ ባሰበት። እንጨቱ ከአፈሩ ላይ ተነጥፎ ቢቀር ይህ ጉዳት አይታይም፤ የሚጎዳው ሲደባለቅ ነው።

በመደቡ ውስጥ የቀረው አፈር «ሞቷል» የሚባለውን አትመኑ። አሸዋውና ሸክላው የትም አልሄደም። የጎደለው የበሰበሰ ነገር፣ ውሃና አየር ነው። አፈሩ 10 ሳንቲሜትር ወርዶ ቢሆን እንኳ የቀረው 20 ሳንቲሜትር ለሰላጣ፣ ለቆስጣ፣ ለፎሶልያና ለሽንኩርት ይበቃል፤ ከሥር ያለው መሬት ካልተደፈነ ሥሩ ወደዚያም ይወርዳል። እስከ ጠርዙ መሙላት ለዓይን ያምራል እንጂ ለተክሉ ግዴታ አይደለም።

ጉድለቱ 15 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሙላት ያስፈልጋል። ያኔም በኮምፖስት ብቻ አይሞላም፤ ንጹሕ ኮምፖስት ይሰምጣል፣ ጨውና ፎስፈረሱም ይበዛል። ሁለት እጅ ተራ የላይ አፈር ከአንድ እጅ ኮምፖስት ጋር ይደባለቅ። ለ15 ሳንቲሜትር የሚያስፈልገው 432 ሊትር ነው፦ 288 ሊትር አፈርና 144 ሊትር ኮምፖስት። በ40 ሊትር ከረጢት ሲታሰብ ሰባት ያህል ከአፈሩ፣ አራት ከኮምፖስቱ መሆኑ ነው። የአፈር ከረጢት ከባድ ሲሆን ደስ ይበላችሁ፤ ክብደቱ ውስጡ አሸዋና ሸክላ ለመኖሩ ምልክት ነው። እርግጥ በዝናብ የራሰ ከረጢትም ይከብዳልና ደረቁን ከደረቁ ጋር አመዛዝኑ።

ኮምፖስት፦ የሚገዛው ይህ ነው፣ ግን ተመርምሮ

ለአንድ መደብ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት ይበቃል፤ 144 ሊትር ማለት ነው። ላዩ ላይ ተበትኖ ከላይኛው 10 ሳንቲሜትር ጋር በስሱ ይደባለቃል። ጠልቆ መቅበር አያስፈልግም። በሞተር ማረሻ ማገላበጥማ ጨርሶ አይመከርም፤ በውስጡ የተረፈውን የአፈር ቅንጣት ያደቅቀዋል፣ የሰርዶውንም ሥር መቶ ቦታ ቆርጦ ይተክለዋል።

ከረጢት ከከረጢት በጣም ይለያያል። የበሰለ ኮምፖስት ዝናብ የመታውን ጫካ ይሸታል። የአሞኒያ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው አልበሰለም ወይም ያለ አየር ታፍኖ ከርሟል፤ ለሁለት ሳምንት ተዘርግቶ ሲናፈስ ሊሻሻል ይችላል፣ ዘርና ለጋ ችግኝ ግን ወዲያው አይተከልበት። በጭብጥ ጨመቅ ስታደርጉት ተጣብቆ ኳስ መሆን፣ በጣት ሲነካ ደግሞ መፍረስ አለበት። ውሃ በጣቶቻችሁ መሃል ቢንጠባጠብ የከፈላችሁት ለውሃ ነው። የእንጨቱ ዓይነት ገና በዓይን የሚለይ ከሆነም ከረጢቱ ተቸኩሎበታል።

በዓይንም በአፍንጫም የማይለይ አንድ ጉድለት አለ፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው። አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ የሚባሉ አረም ማጥፊያዎች ለግጦሽና ለሣር መሬት ይረጫሉ። ከብቱ ሣሩን ሲበላ በሆዱ አልፈው ከፍጉ ጋር ይወጣሉ፤ ፍጉ ኮምፖስት ሲሆንም ቶሎ አይፈርሱም። በጣም ጥቂት መጠን እንኳ ፎሶልያን፣ ቲማቲምንና ድንችን ያጣምማል፦ አዲሱ ቅጠል እንደ ማንኪያ ይጎብጣል፣ ጫፉ ይጠመዘዛል፣ ግንዱ ይወላገዳል። በቆሎና ሌሎች የሣር ዘሮች ምንም አይሉም፤ ስለዚህ ችግሩ የተባይ ወይም የበሽታ ይመስላል። አንዴ መደብ ውስጥ ከገባ ደግሞ እስኪፈርስ መጠበቅ ነው፤ ለተከራይ ይህ የውል ዘመኑን ሊጨርስበት ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ስድስት ትናንሽ ማሰሮ አዘጋጁ። በሦስቱ የተገዛውን ኮምፖስት ከንጹሕ የችግኝ አፈር ጋር እኩል ደባልቁ፤ በሦስቱ የችግኝ አፈሩን ብቻ አድርጉ። በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት የፎሶልያ ፍሬ ዝሩ። ከአንዱ የፈሰሰው ውሃ ወደ ሌላው እንዳይገባ ለየብቻ ሳህን ይሁንላቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠሎቹን አነጻጽሩ። በኮምፖስቱ ያሉት ብቻ ከተጨማደዱ ከረጢቶቹን መልሱ። አንድ ከረጢት ገዝቶ ፈትኖ ሌሎቹን ከዚያው ምርት መግዛት ሦስት ሳምንት ያዘገያል፤ መደቡን ማረምና ማርጠብ እንደሆነ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ የባከነ ጊዜ የለም።

ጥሬ ፍግ ርካሽ ነው ብሎ መበተን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ምርት ደንብ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ በኋላ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ 120 ቀን፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን ሳይሞላ እንዳይሰበሰብ ያዛል። ጓሮ ላይ ማንም አይቆጣጠራችሁም፤ ባክቴሪያው ግን ደንብ አያነብም። ለአጭር ውል ያልበሰለ ፍግ አይመችም።

ከረጢቱን ስትከፍቱ ከፊታችሁ አርቁት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትክፈቱት፣ ደረቅ ከሆነ በውሃ ርጩት። ሌጂዮኔላ ሎንግቢቺ የሚባል ባክቴሪያ በከረጢት አፈርና ኮምፖስት ውስጥ ይገኛል፤ ብናኙን በትንፋሽ መሳብ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

አፈሩ ውሃ አልቀበል ሲል

ለረጅም ጊዜ የደረቀ መደብ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚሆነውን በቅርበት ማየት ከብዙ ግዢ ያድናል። በማጠጫው ሙሉ ይፈስሳል፤ ላዩ ጠቁሮ የጠገበ ይመስላል። በጣት 3 ሳንቲሜትር ሲጫር ግን ከሥሩ እንደ ዱቄት የሚበን ቡናማ አፈር ይወጣል። ውሃው የት ገባ? አፈሩ ሲደርቅ ተሰብስቦ ከሳንቃው ተላቅቋል፤ በመሃሉ ትንሿ ጣት የምትገባበት ስንጥቅ ተፈጥሯል። ውሃው በዚያ ወርዶ ከታችኛው ጥግ እየተንዠቀዠቀ ነው። ፒት ያለበት አፈር ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ውሃን ይገፋል፤ ጠብታው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ቆሞ ይቀራል።

ለዚህ የሚሸጥ አርጣቢ ፈሳሽ አለ። ይሠራል፤ አትክልት ለሚበላበት መሬት የተፈቀደ መሆኑ በላዩ የተጻፈውን ምረጡ እንጂ ክፉ ዕቃ አይደለም። ግን ለአንድ መደብ ትዕግሥት ይተካዋል። በመንሽ በየ15 እና 20 ሳንቲሜትሩ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ስንጥቁን በአፈር ድፈኑ፤ 10 ሊትር ውሃ በስሱ በመላው ላይ አርከፍክፉ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ አራት አምስት ጊዜ ድገሙ። በማግስቱ አንድ ቦታ እስከ 15 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ እዩ፤ ደረቅ ከተገኘ ያንኑ ዙር ድገሙት። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ የሚለው ምክር በየቦታው ይነገራል፤ መጠኑን ማንም አይለካውምና ይቅር።

የተጨመቀ የኮኮናት ቃጫ እዚህ ላይ ነው ቦታ የሚያገኘው። 650 ግራም የሚመዝነው ጡብ በውሃ ሲነፋ 8 እና 9 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ተሸክሞ ለማምጣት ከሱ የሚቀል የለም። ደርቆም ቢሆን ከፒት ይልቅ በቀላሉ ውሃ ይመልሳል። ምግብነት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ኮምፖስትን አይተካም። በደንብ ያልታጠበው ጨው ስለሚይዝ በመጀመሪያ የነከራችሁበትን ውሃ ድፉት፣ እንደገና አጥለቅልቁት። አፈሩ አሸዋ ከበዛበት ሁለት ሦስት ጡብ ይጠቅማል፤ ሸክላ ለሆነ አፈር አትድከሙ።

አረም፣ የአረም ጨርቅና ካርቶን

ጥቁሩ የአረም ጨርቅ በዚህ ግምገማ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል። አዲስ ሲነጠፍ ያምራል። በዓመቱ በላዩ አቧራና የበሰበሰ ቅጠል ይከማቻል፤ የአረም ዘር እዚያው ይበቅላል፤ ሥሩን በጨርቁ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ይሰፋዋል። ያኔ አረሙ ያለ ጨርቁ፣ ጨርቁም ያለ አረሙ አይነቀልም። በላዩ የሚበተነው ኮምፖስትም አፈሩን አያገኘውም። የቀድሞው ሰው በመሃል አንጥፎት ከሆነ በቢላ በቁራጭ በቁራጭ እየከፈላችሁ አውጡት፤ ከመደቡ ሥር፣ ከመሬቱ ጋር ከሆነ የተነጠፈው ግን ተዉት፣ ማውጣቱ ድካሙን አያክልም።

ሰርዶ ያለበት መደብ በአካፋ አይነካ። አካፋ ይቆርጣል፤ ከተቆረጠው ሥር እያንዳንዱ አንጓ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። ባለ አራት ጥርስ መንሽ ከሥሩ ገብቶ አፈሩን ያነሳል፤ ከዚያ ነጩን ሥር በእጅ እየተከተሉ እስከ ጫፉ መሳብ ነው። የጫፉ ሹልነት በጣት ይታወቃል፤ ሹሉ ካልወጣ ሥራው አልተፈጸመም። የወጣው ሲሚንቶ ላይ ተሰጥቶ ክው ብሎ ይድረቅ እንጂ ኮምፖስት ክምር ውስጥ አይግባ። እንግጫ ካለ ደግሞ ከሥሩ እንደ ሽንብራ ያለች ፍሬ ትቀራለችና ሁለት ሦስት ጊዜ ለመመለስ ተዘጋጁ።

መደቡ ለሁለትና ሦስት ወር ሊታገሥ የሚችል ከሆነ ካርቶን ከማንኛውም ጨርቅ ይበልጣል። ፕላስተሩና የብረት ስፌቱ ይነቀል፤ አንዱ በሌላው ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይደረብ፤ በደንብ ይራስ፤ በላዩ ኮምፖስትና ጉዝጓዝ ይልበስ። የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባውን ተዉት። ሰርዶ በካርቶን ይዳከማል እንጂ ከውጭ እየመጣ ከሳንቃው ሥር መግባቱን አያቆምም። በዙሪያው 30 ሳንቲሜትር ያህል ሣር ተነሥቶ በጉዝጓዝ ቢሸፈን መንገዱ ይዘጋል፤ ሣሩ የአከራዩ ስለሆነ ግን ይህን ሳትጠይቁ አትሥሩ። «እንደፈለጋችሁ አድርጉ» ቢላችሁም በስልክ መልእክት ይጻፍላችሁ፤ መደቡን ከመንካታችሁ በፊትም ፎቶ አንሡ።

ለጉዝጓዝ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጭድ ጥሩ ነው። ድርቆሽ ዘር ይዞ ስለሚመጣ አዲስ አረም ማስገባት ነው።

ስትቆፍሩ የተቆላለፈ፣ እንደ ፀጉር የረቀቀ ቀላ ያለ ሥር አፈሩን ሞልቶት ካገኛችሁ አረም አይደለም፤ በአጠገቡ ያለው ዛፍ ከሥር ወጥቶ መደቡን ቀለቡ አድርጎታል። የምታጠጡት ውሃ ዛፉን ነው የሚያጠጣው። ከጣት የቀጠነውን በመጋዝ መቁረጥ ለአንድ ወቅት እፎይታ ይሰጣል፤ የወፈረው የአከራዩ ዛፍ ነውና አይነካ። ለዚህ የሚሸጠው ወፍራም የሥር መከላከያ ጨርቅ ሥራውን ይሠራል፤ ግን ከሥር መነጠፍ ስላለበት መደቡ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። እርጥብ 864 ሊትር አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ለተከራይ ይህ አይታሰብም። ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ የጨርቅ ማሰሮ ገዝታችሁ በጡብ ላይ አስቀምጡና እዚያ ትከሉ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ስትለቁ አፈሩን ደፍታችሁ አጣጥፋችሁ ትወስዱታላችሁ።

የአፈር መመርመሪያና ማዳበሪያ

ሁለት ወይም ሦስት የብረት እግር ያለው፣ አፈር ውስጥ ተሰክቶ መርፌው የሚያመለክት መሣሪያ አትግዙ። እርጥበቱን በግምት ይነግራል፤ እሱንም ጣት ይነግራል። የአሲድነት ንባቡ አፈሩ በራሰና በደረቀ ቁጥር ይዋዥቃል። በቀለም የሚያነጻጽረው ባለ እንክብል ስብስብ ለአሲድነት መጠን ብቻ ይበቃል፤ ለናይትሮጅን፣ ለፎስፈረስና ለፖታሽየም የሚሰጠውን ቀለም ግን አምኖ ማዳበሪያ መግዛት ያሳስታል። በቅርባችሁ የአፈር ላቦራቶሪ ካለ ይሻላል፦ ከአምስት ስድስት ቦታ እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት እየቆፈራችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ደባልቁ፣ በጥላ አድርቁና የጠየቁትን ያህል ላኩ። የዚንክ ባልዲ ውጤቱን ስለሚያዛባ አይሁን። ለአብዛኛው አትክልት ከ6.0 እስከ 7.0 ያለው የአሲድነት (ፒኤች) ንባብ ተስማሚ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል። ሳይለኩ ኖራ ወይም የእንጨት አመድ መበተን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ንባቡን ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ከፍ ባለ ንባብ ላይ ደግሞ ብረት ለተክሉ ስለማይደርስ አዲሱ ቅጠል በጅማቶቹ መስመር አረንጓዴ ሆኖ በመሃላቸው ይቢጫል።

በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የፖታሽ መቶኛ ናቸው። ዓመት በዓመት ፍግና ኮምፖስት ሲጨመርበት የኖረ መደብ ብዙውን ጊዜ ፎስፈረስ ተትረፍርፎበታል፤ ስለዚህ የአጥንት ዱቄት ለእሱ የሚገዛ አይደለም። የሚያጥረው ናይትሮጅን ነው። በካሬ ሜትር 10 ግራም ናይትሮጅን እንደ መነሻ ቢያዝ፣ ለዚህ መደብ 12 ከመቶ የሆነው የደም ዱቄት 240 ግራም፣ 46 ከመቶ የሆነው ዩሪያ ደግሞ 63 ግራም ገደማ ይሆናል። ዩሪያ በግምት እፍኝ የሚበተን ነገር አይደለም፤ በሚዛን ይመዘን፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ፣ ወዲያው ይጠጣ። ላይ ላይ ከተተወ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። ቀስ እያለ የሚሟሟው ባለ ሽፋን እንክብል ለማይመዝን ሰው ያስተማምናል።

የእንጨቱ ነገር

ካቻቢቴ ሳንቃው ላይ ተጫኑበት። ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ያለ ድካም ከገባ ሳንቃው በስብሷል፤ የጥግ ብረት የሚይዘው ጤነኛ እንጨት ስለሌለ ቪቴው አይጸናም። ጤነኛ ሆኖ ሆዱን ብቻ የነፋ ከሆነ 60 ሳንቲሜትር ፌሮ በውጭ በኩል ግማሹ መሬት እስኪገባ መምታት፣ ወይም ከአንዱ ሳንቃ ወደ ሌላው በመሃል ማሰሪያ መዘርጋት ይበቃል። በመጀመሪያ ግን ከሳንቃው አጠገብ ያለውን አፈር ወደ መሃል ሰብስቡ፤ ተጭኖ ሳለ መግፋት ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል። ጸረ ብስባሽ የተነከረ እንጨት መዳብ ስላለበት ተራ ምስማር ቶሎ ይበላል፤ ወፍራም ዚንክ የለበሰ ወይም የማይዝግ ቪቴ ይሁን።

አረንጓዴ ጥላ ያለው አሮጌ እንጨት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክሮም፣ በመዳብና በአርሰኒክ የተነከረው ዓይነት በአሜሪካ ከ2003 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት አገልግሎት አይመረትም፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሳጥን ግን ሊኖረው ይችላል። ዕድሜው ካልታወቀ አበባ ትከሉበት ወይም አፈሩን ለአርሰኒክ አስመርምሩ። ፀሐይ ሲመታው ጥቁር ዘይት የሚያወጣና ሬንጅ የሚሸት የባቡር ሐዲድ እንጨት ከሆነ ክሬኦሶት በሚባል መርዛማ ጸረ ብስባሽ የተነከረ ነው፤ የሚበላ ነገር አትትከሉበት። ከዕቃ መጫኛ ፓሌት የተሠራ ከሆነ ማኅተሙን ፈልጉ፦ «ኤችቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በሙቀት መታከሙን፣ «ኤምቢ» የሚሉት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ የተባይ ማጥፊያ ጋዝ መታጠኑን ያመለክታሉ።

የጠብታ መስኖ ስብስብ

ለተከራይ ከሁሉ የሚሻለው ዕቃ ይህ ነው። መደቡ ችላ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ምክንያት ነው፤ ከፍ ያለ መደብ ከመሬት ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ የሚያጠጣ ሰው አንድ ሳምንት ሲጠፋ አፈሩ ውሃ ወደ መግፋት ይመለሳል።

ሁለት ዓይነት ይሸጣል። በመላ አካሉ የሚያላበው የጎማ ቱቦ ርካሽና ቀላል ነው፤ ከቧንቧው አጠገብ ይረጫል፣ ጫፉ ግን ይደርቃል፤ ፀሐይ ሲበላው ይሰነጠቃል፤ ውሃው ኖራ ከበዛበት ቀዳዳው ይደፈናል። ለአንድ አጭር መደብ፣ በጉዝጓዝ ሥር ተሸፍኖ፣ ለአንድ ወቅት ይሆናል። ሁለተኛው በየ30 ሳንቲሜትሩ ጠብታ ማውጫ የተገጠመለት ባለ 16 ሚሊሜትር ቱቦ ነው። ይህን ውሰዱ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ1.2 ሜትር ስፋት ላይ አራት መስመር ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መስመር 2.4 ሜትር ስለሆነ ስምንት ማውጫ አለው፤ በድምሩ 32። እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ቢሰጥ 64 ሊትር ነው። በሳምንት 25 ሚሊሜትር ውሃ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 25 ሊትር፣ ለመደቡ 72 ሊትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሳምንት 68 ደቂቃ ያህል፣ በሦስት ቀን ተከፍሎ 23 ደቂቃ ይሆናል። በሙቀት ወራት ይጨመራል፤ ሲዘንብ ይዘጋል።

ከቧንቧው ጀምሮ የሚገጠመው በዚህ ተራ ነው፦ ታይመር፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ ማጣሪያ፣ የግፊት መቀነሻ፣ ከዚያ ቱቦው። ርካሽ ስብስቦች የሚያጎድሉት ቫልቩንና የግፊት መቀነሻውን ነው። የግፊት መቀነሻ ከሌለ ቀትር ላይ ቱቦው ሲለሰልስ መጋጠሚያው ይፈተለካል፤ እናንተ ሥራ ላይ እያላችሁ ጓሮው ይጥለቀለቃል፣ የውሃው ሒሳብም በስማችሁ ይመጣል። 1.7 ባር ገደማ የሚያወጣ ይበቃል። ቫልቩ ደግሞ አፈርና ማዳበሪያ የነካው ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው እንዳይሳብ ነው፤ በብዙ ቦታ በሕግም ይጠየቃል። ሌላ ቀላል ስሕተት፦ መጋጠሚያው አልገባ ሲል በጥርስና በፒንሳ መታገል። የቱቦውን ጫፍ ለ20 ሴኮንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ያለ ኃይል ይገባል።

በወር አንድ ጊዜ የእያንዳንዱን መስመር ጫፍ ከፍታችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ልቀቁት። ማጣሪያውን እጠቡ። አንድ ተክል ብቻ ከመሃል ሲጠወልግ በሽታ ከመፈለጋችሁ በፊት በአጠገቡ ያለውን ማውጫ እዩ።

ቤቱን ስትለቁ ቱቦውን ከመንቀላችሁ በፊት ጫፎቹን ክፈቱና አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አንጠልጥሉት፤ ውሃ እንደያዘ ተጠቅልሎ ካርቶን የገባ ቱቦ በውስጡ ዝልግልግ አብቅሎ በአዲሱ ቤት ሲገጠም ግማሹ ማውጫ ተደፍኖ ይገኛል። ታይመሩን ባትሪውን አውጡለት። ከቧንቧው የነቀላችሁትን የአከራዩን አሮጌ ማያያዣም መልሳችሁ ግጠሙ።